ሊማሊሞን ያለ ናፍጣ

ከንጋት ጀምሬ የተሰለፍኩበት ማደያ፣ ከፊቴ ጥቂት መኪና ብቻ ሲቀር «ናፍጣ አልቋል» ብሎ ገመዱን ወጠረ። ከሚኒባሴ ወረድኩና ወደ ኋላ አየሁ። እስከ አደባባዩ ድረስ የተሰለፈው ሹፌር ሁሉ መሪው ላይ ተደፍቷል፤ አንዳንዱም ጎማው ሥር ካርቶን አንጥፎ ጋደም ብሏል። ማንም አልጮኸም። ያናደደኝ እሱ ነው። ሁሉም ነገ ተመልሶ ሊሰለፍ፣ ካልሆነም ከጓሮ በጀሪካን የሚሸጥለትን ሰው ሊለማመጥ ልቡን አዘጋጅቷል። እዚያው ቆሜ፣ «ሁለተኛ እዚህ ሰልፍ ላይ አታዩኝም!» አልኩ።

አጠገቤ የነበረ የደባርቅ መስመር ሹፌር ሳቀ። «ምነው፣ በጸሎት ልትነጂው ነው?»

«በመብራት» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የማውቀው አዲስ አበባ ሄጄ የተሳፈርኩባቸውን ያህል ብቻ ነበር። ቃሉ ከአፌ የወጣው በንዴት ነው። ቤቴ ስገባ ግን ንዴቱ አልበረደም። ሌላ ናፍጣ መኪና ልግዛ ብል እንኳ ከውጭ አይገባም ተብሏል፤ ያለው አሮጌው ነው፣ አሮጌው ደግሞ በየወሩ ይወደዳል። አሰብኩበት፣ ጠየቅኩ፣ ደወልኩ። በመጨረሻ ሚኒባሴን ሸጥኩና ሰባት ሰው የምትጭን የኤሌክትሪክ መኪና ይዤ ጎንደር ገባሁ።

መናኸሪያ ውስጥ የተደረገልኝን አቀባበል አልረሳውም። ሹፌሮቹ ዙሪያዋን ከበቧት። አንዱ ጎንበስ ብሎ ጭስ ማውጫ ፈለገ። ሌላው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ «ቻርጀርሽ ለኔም ይሆናል?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ሞባይሏ» ሆነ። ጠዋት ስገባ «ሞባይሏ ሞላች?» ይሉኛል፤ ማታ ስመለስ «ሞባይሏ አልዘጋችም?» ተራ አስከባሪው፣ ወፍራም ጃኬት የማይለየው ሰውዬ፣ ሌላውን ሁሉ በተራው ሲያስጭን እኔን ወደ ግድግዳው ጥግ እያሳየ፣ «አንቺ ከተማ ውስጥ ብትሠሪ ነው የሚሻልሽ። ይቺ የኮሶዬን ዳገት አትወጣም» አለኝ።

«ከወጣችስ?»

«አትወጣማ!»

በማግስቱ የአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ነበር። ተራ ሳልጠብቅ ከመናኸሪያው በር ውጭ ቆሜ ጠራሁ። ናፍጣ በመጥፋቱ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ሞልቶ ስለነበር ወዲያው ሞላሁ። ዳገቱን ስጀምር ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ የባትሪውን ቁጥር ነበር የሚያየው። ቁጥሩ እንደ ውሃ ይወርዳል። ጉሙ መጣ፣ ብርዱ መጣ፤ ተሳፋሪዎቼ ጋቢያቸውን አጠበቁ። ማሞቂያውን ልክፈትላቸው ብል ቁጥሩ የባሰ ሊወርድ ሆነ፤ ዘጋሁት። ግን ኮሶዬን ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሲቀናልኝ ቁጥሩ መውረዱን ትቶ ሲረጋጋ አየሁ። አምባ ጊዮርጊስ ሰዎቹን አወረድኩ፤ መንገድ ላይ የፈራሁትን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለተራ አስከባሪው የነገርኩት «ወጣች» የሚለውን ብቻ ነው።

ሁሉ ነገር እንዲያ ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። ቤቴ ስሰካት የሰፈሩ መብራት ጭል ጭል ይላል። ጎረቤቴ አንድ ቀን ነጠላዋን አደግድጋ መጣችና፣ «እኅቴ፣ መኪናሽ የኔን ቴሌቪዥን እየጠባች ነው» አለችኝ። ስቄ ልሸኛት ብል እውነቷን ነው። ለብቻው መስመርና ቆጣሪ እስኪገባልኝ ድረስ መብራት ኃይል ቢሮ በር ላይ የተመላለስኩት፣ ማደያ ከተሰለፍኩት አያንስም። መብራት የሄደ ቀን ደግሞ ሥራ የለም። የጎረቤት ልጆች «መብራት መጣ!» ብለው ሲጮሁ ከሁሉ ቀድሜ የምሮጠው እኔ ሆንኩ። ሹፌሮቹ ይህን ሲሰሙ፣ «ከሰልፍ ወጥተሽ ሰልፍ ገባሽ» አሉኝ። «ቤቴ ተቀምጬ የምጠብቀው ሰልፍ ይሻለኛል» አልኳቸው።

ከሹፌሮቹ ሁሉ የከበደኝ ግን አንድ ሰው ነበር፤ አባቴ።

አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የጭነት መኪና መሪ ላይ ነው። ከጎንደር ሁመራ ባለ ተሳቢ ነድተዋል፤ ሲሄዱ ሸቀጥ፣ ሲመለሱ ሰሊጥ። መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሴት ልጅ መሪ አስጨበጠ ብሎ ዘመድ ሁሉ ሲያማቸው፣ «እጇ ከእናንተ ወንዶች ልጆች ይረጋል» ብለው ጆሮ አልሰጡም። አሁን ግን እኔው ልጃቸው ያመጣሁትን መኪና ግቢ ውስጥ ሲያዩ ከዘራቸውን ተደግፈው ሁለቴ ዞሯት።

«ካምቢዮዋ የታለ?» አሉ።

«የላትም አባባ።»

«ጭስ ማውጫዋስ?»

«እሱም የላትም።»

«ታዲያ ምን አላት?»

«ጉልበት አላት።»

«ጉልበት ድምፅ አለው» አሉና ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ ለወራት አልተሳፈሩባትም። ቤተ ክርስቲያን ላድርስዎት ስላቸው «እግዜር እግር ሰጥቶኛል» ይሉና በእግራቸው ይሄዳሉ።

ነገሩ የተለወጠው ከዛሪማ፣ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ሥር ካለችው ከተማ፣ ስልክ በተደወለ ቀን ነው። የአባቴ የድሮ ረዳት አረፈ። ይህ ሰው ከአባቴ ጋር ወጣትነቱን ሙሉ በዚያ መንገድ ሲመላለስ የኖረ፣ በኋላም ዛሪማ አግብቶ፣ ወልዶ፣ አርሶ የቀረ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ቤታችን ሲመጣ ግራ እጁን ጋቢው ውስጥ እንደሚደብቅ አስታውሳለሁ። ሁለት ጣት የለውም። አንድ ጊዜ ሊማሊሞን ሲወርዱ፣ መኪናው ጨው እንደጫነ፣ ፍሬኑ ግሎ እምቢ አለ። አባቴ ማርሹን ቢቀንሱም አልያዘም። ያ ሰው ታኮውን፣ ማለት ጎማ ሥር የሚወሸቀውን እንጨት፣ ይዞ ዘለለና ከመኪናው ጎን እየሮጠ ከኋላ ጎማው ሥር ወተፈው። መኪናው ገደሉ አፍ ላይ ቆመ። ጣቶቹ እዚያው ቀሩ። አባቴ ይህን ታሪክ ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚጨርሱት፣ «እኔ አሁን የምተነፍሰው ትንፋሽ የሱ ነው» ብለው ነው።

ለቀብሩ አልደረሱም፤ ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ለተዝካሩ ግን መንገዱ ተከፈተ፣ ናፍጣ ጠፋ። አባቴ በጠዋት መናኸሪያ ሄዱና ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። አውቶቡሶቹ ተደርድረው ቆመዋል። በረንዳው ላይ ቁጭ አሉና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አባቴን እንደዚያ ተሸንፈው አይቻቸው አላውቅም።

«እኔ እወስድዎታለሁ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሊማሊሞን?»

«ሊማሊሞን።»

«ልጄ፣ ያቺ አታወርደኝም። ብታወርደኝም አታወጣኝም።»

«እንግዲያስ ዛሪማ እንኖራለን» አልኳቸው። ይህን ስል እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ከደባርቅ ወዲያ አንድም ቀን ነድቻት አላውቅም። ዛሪማ የት እንደምሰካትም አላውቅም። ግን አባቴ ያን ሰው ሳይሰናበቱ ቢቀሩ፣ ያም በናፍጣ ምክንያት ቢሆን፣ በዚህች አገር ሹፌር ነኝ ለማለት አፍራለሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ባትሪው ሞልቶ ተነሳን። አባቴ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ጥርስ ሊነቀል እንደሚሄድ ሰው ተቀመጡ። ኮሶዬን ስንወጣ ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንድ የሚያውቁትን ሽማግሌ ሰላም አሉ። ሽማግሌው «ሞተሩን አስነሺና ሂዱ እንጂ፣ መንገድ ዘጋችሁ» አለኝ። መኪናዋ ድምፅ የላትም እንጂ ተነስታ ነው የቆመችው። አባቴ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው፤ ወዲያው ግን ደበቁት።

ከዚያ ወዲያ አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ የፊት ክዳኑን አስከፈተኝና ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየ።

«ሞተሩ የታለ?»

«ይኸው እሱ ነው።»

«ይቺ? ይቺ እኮ ሳጥን ናት!»

«ሳጥኗ ናት ከጎንደር ያመጣችን» አልኩት። ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ሌላ ጓደኛውን ጠራ። ከፍተሻው ይልቅ ጥያቄው ፈጀን። ውሃ ሲነካት ትይዛለች ወይ? መብረቅ ይወድቅባታል ወይ? አባቴ ትዕግሥታቸው አለቀና ከውስጥ ሆነው፣ «ምነው ልጆች፣ ለተዝካር እየሄድን ነው!» ብለው ጮሁ። ለቀቁን።

ደባርቅ ስንደርስ ከባትሪው የቀረው ሲሶ ገደማ ነው። የአንድ ማረፊያ ቤት ባለቤትን ለምኜ ከማብሰያ ቤቷ መስመር ሰካሁ። እዚያ ምሳ በላን፤ አባቴም ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አሸለቡ። መነሳት ግድ የሆነብን ሰዓት ላይ ባትሪው ከግማሽ ጥቂት አልፏል። ይበቃል ወይስ አይበቃም፣ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። በዚያ ቁልቁለት በኤሌክትሪክ የወረደ ሰው የሚያውቅ አላገኘሁማ። ነቀልኩና ሄድን።

የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ የአባቴ ሁለት እግሮች ወለሉን ረገጡ። የሌለ ፍሬን እየረገጡ ነው።

«ማርሽ ቀንሺ!»

«ማርሽ የላትም አባባ።»

«ታዲያ በምን ልትይዣት ነው? በፍሬን ብቻ? አንቺ ልጅ፣ ፍሬኑ ይነድብሻል!»

«እግሬን ሳነሳ ራሷ ትይዛለች፣ ይዩ።» እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳሁ፤ ነዳጅ ሳይኖራት እስከ ዛሬ የምንጠራው እንዲያ ነው። መኪናዋ አንድ ትልቅ እጅ ከኋላ የያዛት ያህል ረጋ አለች። አባቴ ወደ ገደሉ ማየታቸውን ትተው ወደ እግሬ አዩ። ሌላ ጥምዝ፣ ደግሞ ሌላ። ፍሬን የረገጥኩት ከስንት አንዴ ነው።

ጥቂት እንደወረድን የባትሪውን ቁጥር በጣታቸው ነኩት። «ይኼ ቅድም ከዚህ ያነሰ አልነበረም?»

«ነበረ። ስንወርድ መልሶ ይሞላል። ጎማው ሲሽከረከር ለባትሪው ይመልስለታል።»

«ቁልቁለቱ ነው የሚሞላው?»

«አዎ፣ ቁልቁለቱ።»

አባቴ ጣታቸውን ከቁጥሩ ላይ አላነሱም። «ይኼ ቁልቁለት እኮ እኛን ሲበላ ብቻ ነበር የማውቀው» አሉ።

አንድ ጥምዝ ላይ «አቁሚ» አሉኝ። ወረዱ። ገደሉ አፍ ላይ ሄደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቦታው ያ መሆኑን ሳይነግሩኝ አወቅሁ። ከታች ያለው ሸለቆ ጉም የለበትም፤ የድንጋዩ ግድግዳ በፀሐይ ቀልቷል። አባቴ ሦስት ጊዜ አማተቡና «ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ» አሉ። ከዚያ ወደ መኪናዋ መጥተው ጎንበስ ብለው፣ አፍንጫቸውን ወደ ፊት ጎማው አስጠግተው አሸተቱ።

«ምን ሆኑ አባባ?»

«ፍሬን አይሸትም» አሉ። «እዚህ ቦታ ላይ ፍሬን ሳይሸተኝ ስቆም ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

ዛሪማ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። የሟች ቤት ዳስ ተጥሎ፣ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ሕዝቡ ማዕድ ላይ ነበር። ባለቤቱ አባቴን ስታይ ከዳሱ ወጥታ አንገታቸው ላይ ወደቀች። አባቴ ያኔ የሟችን ስም እየጠሩ ጮክ ብለው አለቀሱ። እንደዚያ ሲያለቅሱ እናቴ ስትሞት እንኳ አላየኋቸውም። ከዚያ ሰው ሁሉ መሃል ተቀምጠው የታኮውን ታሪክ ተናገሩ። የሟች ልጆች አባታቸው «ጣቴን በወፍጮ ነው ያጣሁት» ይላቸው እንደነበር ያን ዕለት ሰማሁ። ልጆቹ አንዳቸው የሌላውን ፊት አዩ። እኔ የመጣነው ለዚህ ነው አልኩ በልቤ። ምንም ይምጣ፣ የመጣነው ለዚህ ነው።

ከዳሱ ትይዩ የእህል ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮ የሚያዞር መስመር እኔንም ይችለኛል ብዬ ባለቤቱን አነጋገርኩት። ፀጉሩ በዱቄት የነጣ፣ ጠርጣራ ሰው ነው።

«ሞተሬን ብታቃጥይብኝስ?»

«ወፍጮው በቆመበት ሰዓት ብቻ ልሰካ። የቆጠረብህን እከፍላለሁ።»

«መኪና በመብራት ሲሄድ እዚህ አገር አላየንም።»

«ዛሬ አየህ» አልኩት። ወደ አባቴ ዞሮ፣ «አያ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለ። አባቴ ለአፍታ አሰቡና፣ «ሊማሊሞን አውርዳኛለች» አሉ። ያ በቃው። ገመዱን ራሱ ጎትቶ አመጣልኝ።

ሰካሁ። ገና ጥቂት እንደሞላች የወፍጮ ቤቱ አምፖል ጠፋ። ከመንደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት «ኤዲያ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መብራት ሄደ።

ጠበቅን። አመሻሹ ላይ አልመጣም። በማግስቱ ጠዋትም የለም። ወፍጮ ቤቱ ፊት እህል ያስቀመጡ ሴቶች ቁና ቁናቸውን ይዘው ተመለሱ። መቼ እንደሚመጣ ባለወፍጮውን ስጠይቀው፣ «አንዳንዴ ዛሬ፣ አንዳንዴ በሳምንቱ» አለኝ። ባትሪው ስወርድ ከነበረው ትንሽ ይበልጣል። ለቁልቁለት ሳይሆን ለዳገት ነው አሁን። አባቴ «እንጠብቅ» አሉ። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ማደያውን አሰብኩ፣ ያንን የተደፋ ሕዝብ። አጥር ሥር ተቀምጬ መብራት እስኪመጣ ወደ ሰማይ የማንጋጥጥ ከሆነ ምን ለውጥ መጣ?

«እንሄዳለን» አልኩ።

ልንነሳ ስንል የሟች ባለቤት አንድ ጆንያ ሰሊጥ አስይዛ መጣች። ሊከብደን ነው ብዬ አፌን ልከፍት ስል የአባቴን ዓይን አየሁ። «ለወንድሙ ነው፤ በየዓመቱ ይልክላችሁ አልነበር?» አለች። እውነቷን ነው፤ ልጅ ሆኜ የበላሁት ሰሊጥ ሁሉ የዚያ ቤት ነው። ከኋላ ጫንነው።

ዳገቱን በቀስታ ጀመርኩ። ማቀዝቀዣውን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ላባችን በጀርባችን ይወርዳል። መጀመሪያ ሸጋ ወጣች። ጥምዞቹ እየበዙ ሲሄዱ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይቀንስ ጀመር። ግማሹን ያህል እንደወጣን ቀይ ምልክት በራ፤ ባትሪው ግሏል ይላል። ጉልበቷ ከዳት። እረግጣለሁ፣ አትመልስም። አንድ ጥምዝ ላይ ጥጓን ይዤ አቆምኳት። አባቴ ሳልነግራቸው ወርደው ድንጋይ ፈልገው ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቁ።

ከኋላችን የመጣ ከባድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ፣ አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ወርዶ መኪናዋን ሲያይ ሳቁ መጣ።

«እኅቴ፣ ገመድ አለኝ። ደባርቅ ድረስ ልጎትትሽ? ይቺ ለዚህ መንገድ አልተሠራችም።»

«አልጎተትም» አልኩ።

«እልህ ነው እንግዲህ።»

«እልህ ነው። ታርፍና ትሄዳለች።»

ሊመልስልኝ ሲል አባቴ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ እንዳሉ ጣልቃ ገቡ። «አንተ ልጅ፣ ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ወጥተኸዋል?»

«ብዙ ጊዜ አያ።»

«እኔ ዕድሜዬን ነው የወጣሁት። እዚህ ጥምዝ ላይ፣ እዚህ የተቀመጥኩበት ላይ፣ የናፍጣ ሞተሬ ውሃው ፈልቶ ስንቴ ቆሜያለሁ! ከታች ከምንጩ በጀሪካን ውሃ እየተሸከምን፣ እስኪበርድ ጋቢያችንን ዘርግተን እንተኛ ነበር። ያን ጊዜ ግን መኪናው ለዚህ መንገድ አልተሠራም ያለን የለም። አረፈ ነበር የሚባለው። እሷም አርፋለች። ሂድ በሰላም።»

የወጣቱ ሳቅ ቆመ። «ይቅርታ አያ» አለና ገመዱን ይዞ ተመለሰ። መኪናው ጥቁር ጭሱን ፊታችን ላይ ለቆ ወጣ። አባቴ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆምኩ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበርና እንዲያዩኝ አልፈለግኩም። እሳቸው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው የተናገሩት። «ሰሊጡን እዚህ ብናወርደው ይቀልላታል» አሉ። «የሚያልፍ መኪና ያመጣልናል።»

«ሰሊጡ አይወርድም!» አልኩ። ጮኼ ነው የተናገርኩት። «ይዛው ነው የምትወጣው።»

ነፋሱ ከላይ መውረድ ጀመረ። ቀይ ምልክቱ እስኪጠፋ ቆየንና ድንጋዩን አንስተን ተነሳን። ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት የወጣሁት በሰው እርምጃ ነው ማለት ይቻላል። እረኞች ቀደሙን። አንዲት በቅሎ የጫነች ሴት ለረጅም መንገድ ከጎናችን ሄደች፤ «በእግራችሁ ብትሄዱ አይሻልም?» ብላ ጠየቀችን። አባቴ በሳቅ ፈነዱ። ሊማሊሞ ላይ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው።

የደባርቅ ቤቶች ሲታዩ ቁጥሩ ቀልቶ ነበር፤ የዚያችው ማረፊያ ቤት በር ላይ ስደርስ መኪናዋ ከዚህ ወዲያ አልሄድም ማለት ጀምራለች። ሰካኋት። መብራት ነበረ። ባለቤቷ ሻይ ስታመጣልን አባቴ ከኋላ ጆንያውን ፈትተው አንድ እፍኝ ሰሊጥ ሰጧት።

«እንግዲህ ምን ይላሉ አባባ?» አልኳቸው።

ሻያቸውን ፉት አሉ። «ለሰው ሸጋ ናት» አሉ። «ከናፍጣ ትሻላለች፣ አልዋሽም። ግን ልጄ፣ ተሳቢ ሙሉ ሰሊጥ ከሁመራ በዚህ ታወጫለሽ? አታወጪም። ገና ነው።»

«ገና ማለት አይሆንም ማለት አይደለም።»

«አይደለም። እኔም ገና ነው አልኩ እንጂ አይሆንም መቼ አልኩ?»

እዚያ ላይ ተከራከርን። እሳቸው የዛሪማን መብራት አነሱ፤ እኔ የጎንደርን ማደያ አነሳሁ። እሳቸው ብትበላሽ የሚጠግናት ሰው አገራችን የለም አሉ፤ እውነት ነው፣ አንድ ጊዜ የተበላሸብኝ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስንት ጊዜ ጠብቄያለሁ። እኔ የድሮው መኪናዎም መጀመሪያ ሲመጣ የሚጠግነው ጣሊያን ብቻ አልነበረም ወይ አልኳቸው። አልተሸናነፍንም። አባቴ ግን ወደ ጎንደር ስንመለስ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው እስከ ዳባት ተኙ። ድሮ በሹፌር ጎን ተቀምጠው አይተኙም ነበር።

መናኸሪያ ገብቼ የሆነውን ስናገር ማንም አላመነኝም። «ተጭናችሁ ነው የወጣችሁ» አሉ። አባቴ ሰምተው ሊምሉላቸው ከቤት ሊወጡ ሲሉ ከለከልኳቸው። ለምን ይማላሉ? ማመን የፈለገ ተሳፍሮ ይይ። ተራ አስከባሪው አሁንም ጥጉን ነው የሚያሳየኝ፤ እኔም አሁንም ከበሩ ውጭ ቆሜ እጠራለሁ። ዝናቡ ሲበረታ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ያን ቀን ቤቴ እቀመጣለሁ። መንገዱ ሲዘጋ ከናፍጣዎቹ እኩል እቆማለሁ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ብዙ ነገር ይጎድላታል። የጎደለውን እየጮህን እናስሞላለን እንጂ ተመልሼ ከዚያ ገመድ ፊት አልቆምም።

በቀደም ለት የደባርቅ ሰው ጭኜ ከመናኸሪያው በር ስነሳ አንዲት ፎጣ የተከናነበች ሴት ከኋላ ወንበር ተንጠራርታ ቁጥሩን አየችና፣ «እኅቴ፣ እውነት ትደርሳለች?» አለችኝ።

«ከተጠራጠርሽ ላውርድሽ። ናፍጣ ሲመጣ በአውቶቡስ ትሄጃለሽ።»

ወደ ውጭ አየች። መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ሰው አየች።

«ንጂው» አለች፤ ፎጣዋንም አጠበቀች።